እናቴ ሲሻላት የግፊት ኪኒኗን ታቆማለች፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው፣ እሷ መሐል ሜዳ እኔ ደብረ ብርሃን ነን። አምና ግፊት አለብሽ ተብላ አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም በቀን አንዴ ታዞላታል ግን ራሷን ካላመማት አትውጥም፣ «ተሽሎኛል ልጄ ምን ያስውጠኛል» ነው የምትለው። ለፋሲካ ስሄድ ትራስጌዋ ስር ሦስት እሽግ ሳይነካ አገኘሁ። አሁን ስትለካ 170/100 ሆኗል። ጎረቤት ደሞ ሽፈራውና ነጭ ሽንኩርት ይበቃሻል ብሏታል። እንዴት ላሳምናት?

ነርስ ነኝ፦
ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያሳምምም፣ ውስጥ ውስጡን ነው ልብን ኩላሊትን አንጎልን የሚጎዳው፣ ስለዚህ ራስ ምታት መለኪያ አይሆንም። ሲወርድ ያወረደው ኪኒኑ ነው፣ ስታቆም ይመለሳል። ነጭ ሽንኩርቱን ወጥ ውስጥ ትብላው ግን የኪኒን ምትክ አይሆንም። ስትለካ ደሞ ዳገት ወጥታ እንደደረሰች አይሁን፣ 5 ደቂቃ ጀርባዋን ደግፋ ትቀመጥ፣ ግማሽ ሰዓት ቀድማ ቡና አትጠጣ፣ ክንዷም ከጋቢው ይውጣ።

የደብረ ሲና ልጅ፦
የኔም አባት ግፊት አለበት፣ ወጡ ላይ ጨው ቀነስን ብለን ነበር ለካ በርበሬውም ሽሮውም ጨው ገብቶበት ነው የተፈጨው፣ ቡናውንም በጨው ነው የሚጠጣው! በቀን ጠቅላላ ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች መሆን አለበት ተባልን፣ ከዛ ወዲህ ያለ ጨው ነው የምናስፈጨው። መጀመሪያ አልጣፈጠውም፣ ከወር በኋላ ለመደው።

ሌላ አባል፦
እህቴ፣ እግሯን ያብጣት እንደሆነ ጠይቂያት። የኔ እናት በሱ ምክንያት ነበር ተደብቃ ያቆመችው፣ እኛ ግን እልኸኛ ናት እያልን እንቆጣት ነበር፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ጠያቂዋ፦
አሁን ደወልኩላት። «ማታ ማታ ቁርጭምጭሚቴን ይነፋኛል፣ ጫማው እምቢ ይለኛል፣ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው» አለችኝ። ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልጠየቅኳትም።

ነርስ ነኝ፦
እሱ የታወቀ የአምሎዲፒን ጠባይ ነው፣ ሐኪም መጠኑን ያስተካክላል ወይ መድኃኒቱን ይቀይራል፣ ብቻ በራሷ አታቁም። እሽጎቹንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ስንት ቀን እንደዘለለች ሳትፈራ ትንገረው፣ አለበለዚያ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ሊጨምርባት ይችላል። ደረቷን ካመማት፣ አይኗ ከደበዘዘ፣ አንደበቷ ከተያዘ ወይ ባንድ ጎን እጅ እግሯ ከዛለ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወዲያው ሆስፒታል።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሰኞ ራሴ ሄጄ አብሬያት እገባለሁ።