የጉልበት ሽፋን ሴሎችን መለየት አቃተኝ፣ እርዱኝ

ተማሪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ተማሪ ነኝ። በጉልበት ቅየራ ቀዶ ጥገና የወጣ ሲኖቪየም፣ ማለትም የመገጣጠሚያ የውስጥ ሽፋን፣ እያየሁ ነው። ላይኛው ድርብ ላይ ኤ ዓይነት (ማክሮፌጅ፣ ባዕድ ነገር የሚውጥ) እና ቢ ዓይነት (ፋይብሮብላስት፣ ደጋፊ ሕብረ ሕዋስ የሚሠራ) ሴሎች እንዳሉ ተምረናል። በተለመደው ማቅለሚያ፣ በሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን፣ ቀልሜ ሳየው ግን ሁሉም አንድ ይመስሉኛል። አንድ ቦታ ላይ ጭራሽ 6 ድርብ (የሴል ረድፍ) ቆጠርኩ። አማካሪዬ «እነዚህ የትኞቹ ናቸው?» ብለው በቀይ ጽፈውብኛል። ገንዘቤ የሚበቃው ለ2 አንቲቦዲ (አንድን ፕሮቲን ለይቶ ለማቅለም የሚረዳ) ነው። የቱን ልግዛ?

የፓቶሎጂ ሬዚደንት፦ እህቴ፣ ዓይንሽ ምንም አልሆነም። በዚህ ማቅለሚያ ማንም በእርግጠኝነት አይለያቸውም። በ1962 እ.ኤ.አ. ሁለቱ ተለይተው የተገለጹት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። ለማክሮፌጁ የሲዲ 163፣ ለፋይብሮብላስቱ የሲዲ 55 አንቲቦዲ ግዢ፤ ሁለቱም የሴሎቹ መለያ ፕሮቲኖች ናቸው። ከአንድ ብሎክ (ናሙናው ከተቀበረበት ሰም) ተከታታይ ቁራጮች አውጥተሽ ጎን ለጎን እያቸው።

ተማሪዋ፦ የሲዲ 68 አንቲቦዲ እኮ ላቦራቶሪያችን ውስጥ አለ። እሱ አይሆንም?

የላብ ቴክኖሎጂስት፦ ተጠቀሚበት፣ ግን ብቻውን አትመኚው። ሲዲ 68 የሚቀመጠው ሊሶዞም (የሴሉ መፍጫ ከረጢት) ላይ ስለሆነ ፋይብሮብላስትም ሊቀለም ይችላል። ቫይሜንቲን የሚባለው ፕሮቲን አንቲቦዲ ላይ ደግሞ ገንዘብሽን አታጥፊ፤ ሁለቱንም ይቀባል። ከስላይድሽ ጋር አንድ የጉበት ቁራጭ አብረሽ ቅለሚ። ኩፕፈር ሴሎች (የጉበት ማክሮፌጆች) ሲዲ 163 ካላሳዩሽ፣ ችግሩ አሠራርሽ ላይ ነው።

የአጥንት ሐኪም፦ እኔ የ6ቱ ነገር ነው ያሳሰበኝ። ጤነኛ ሽፋን ከ1 እስከ 3 ድርብ ነው። በሩማቶይድ አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ብግነት በሽታ) ይወፍራል፤ 10 እና ከዚያ በላይ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ግን «ብግነት ነው» ከማለትሽ በፊት አቆራረጡን እዪ። ሽፋኑ እጥፋትና ጣት መሰል ቅጥያዎች አሉት። ቢላው በሰያፍ ካለፈባቸው ቀጭኑም ወፍራም ይመስላል። ቀጥ ብሎ የተቆረጠበትን ቦታ ብቻ ቁጠሪ።

የፓቶሎጂ ሬዚደንት፦ እውነት ነው፣ እኔ ዘለልኩት። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከሽፋኑ ሥር፣ በተለይ የደም ሥር ዙሪያ፣ ሌሎች ፋይብሮብላስቶች አሉ። የእነሱ ምልክት ሲዲ 90 ነው። ከላይኞቹ ጋር ደባልቀሽ እንዳትቆጥሪ።

ተማሪዋ፦ ከ3 ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ብሎኩን አዙሬ እንደገና አስቆረጥኩት። ያ 6 ድርብ ያልኩት ቦታ 2 ሆነ። ሲዲ 163 ጠርዙ ላይ ቡናማ ሆኖ ተበታትኖ ወጣ፤ በመሃላቸው ባዶ የቀሩትን ደግሞ በቀጣዩ ቁራጭ ላይ ሲዲ 55 ሞላልኝ። ፎቶውን ለአማካሪዬ ልኬያለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።