የሣር ክዳን እዚያም አለ እንዴ?

ጥያቄ፦ ደሴ ነኝ። ጓደኛዬ ከፊሊፒንስ ፎቶ ላከችልኝ፤ ሳብታንግ የምትባል ደሴት። የድንጋይ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን። ቁርጥ የአያቴ ቤት! አገሩ ሞቃት አይደል እንዴ?

መልስ፦ ሞቃት ነው፣ ግን አውሎ ነፋሱ አይጣል ነው። ሳብታንግ ያለችው በሰሜን ጫፍ፣ ባታኔስ በሚባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ ነው። የአገሬው ሰዎች፣ ኢቫታኖች፣ ግድግዳውን ወደ 1 ሜትር ያወፍሩታል።

ሌላ መልስ፦ የሴቶቹን ቫኩል አየሽው? ከዘንባባ ቅጠል ይሠራል፣ ከአናት እስከ ጀርባ ይወርዳል። ለፀሐይም ለዝናብም ነው።

ጠያቂዋ፦ ኧረ ገሳ በለው! ጦሳ ሥር በግ ስጠብቅ እለብስ ነበር። ሲረጥብ አንገቴን እንዴት እንደሚበላኝ! ለመሆኑ በምን ይሻገራሉ?

መልስ፦ ከባታን ደሴት፣ ከኢቫና ወደብ፣ ፋሉዋ በሚሏት ጀልባ። ባሕሩ ከተቆጣ ግን ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።