ልጄ ግጥም ትጽፋለች፣ የግጥም ትንተና ግን አልሆነላትም። ምን ላግዛት?

ጥያቄ፦ የሩት አባት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 11ኛ ክፍል ናት። ዘንድሮ ኤፒ (ሃይስኩል ውስጥ የሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት) የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ይዛለች። ሌላው ትምህርት ደህና ነው፤ ግጥም ላይ ስትደርስ ግን ትደናገራለች። ባለፈው ሳምንት ያመጣችውን ወረቀት አየሁት። ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፋለች፣ ቋንቋዋም ያምራል። መምህሯ ግን ጠርዙ ላይ «ግጥሙ ምን እንደሚል ነገርሽኝ፤ እንዴት እንደሚለው የታለ?» ብላ ጽፋባታለች። ከ6 ያገኘችው 2 ነው።

የሚገርመኝ፣ ልጅቷ ራሷ ግጥም ትጽፋለች። ስልኳ ሙሉ ግጥም ነው፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። አንዱን ኢንተርኔት ላይ ላገኘችው ውድድር ላከች። ብዙም ሳይቆይ «ግጥምሽ ተመርጧል፣ በመጽሐፍ ይታተማል» የሚል ኢሜይል መጣላት። ቤቱ በደስታ ተናወጠ። ወደ ታች ሳነበው መጽሐፉን በ60 ዶላር እንድንገዛ ይጠይቃል። ልክፈል?

እና ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ትንተናውን እኔ እንዴት ላግዛት? አገር ቤት የተማርኩት ሰምና ወርቅ ነው። ሁለተኛ፣ የምትጽፈውን የት ብትልክ ይሻላል?

መልስ፦ ቆንጂት

ወንድሜ፣ እንዳትከፍል! ይሄ የቆየ ንግድ ነው። የላከው ሁሉ «ይመረጣል»። ገቢያቸው ከአንባቢ አይደለም፤ ከወላጅና ከአያት ኪስ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ የሚያስከፍሉህ ከመረጡህ በኋላ ከሆነ ውድድር አይደለም። መደበኛ ውድድሮችም አንዳንዴ ትንሽ የመመዝገቢያ ክፍያ አላቸው፤ እሱ ግን ፊት ለፊት የተጻፈ ነው፣ የሚከፈለውም ከዳኝነቱ በፊት ነው። የታተመውን መጽሐፍ ደግሞ ለገጣሚው አንድ ቅጂ በነጻ መስጠት የተለመደ ነው።

ልጅቷን ግን በዚህ አትቆጣት። ግጥሙ መጥፎ ነው ማለት አይደለም።

መልስ፦ መምህርት ነኝ (ሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልኝ። ሃይስኩል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ስለ ትንተናው እኔ ልመልስ። በነገራችን ላይ ይህን ትምህርት ብዙዎቹ የሚወስዱት 12ኛ ክፍል ላይ ነው፤ ልጅዎ በ11ኛ መያዟ ጉብዝና ነው።

መጀመሪያ 6 ነጥቡ እንዴት እንደሚከፋፈል ይወቁት። 1 ነጥብ ለዋናው ሐሳብ፣ ማለትም ልንከራከርበት የሚቻል አንድ አቋም ላስቀመጠ። 4 ነጥብ ለማስረጃና ለማብራሪያ። የቀረችው 1 ለረቀቀ አስተሳሰብ ናት፤ እሷን ለጊዜው ይርሷት፣ ብዙዎች አያገኟትም። ሁሉም ነገር ያለው መሐል ባለው 4 ላይ ነው። ፈተናው ላይ ሦስት ድርሰት በ2 ሰዓት ይጻፋል፣ ስለዚህ ለግጥሙ የሚደርሰው 40 ደቂቃ ያህል ነው።

ሰምና ወርቅ መማርዎ ጆሮ ያሰለጥናል፣ እሰየው። ግን አንድ አደጋ አለው። እኛ ወርቁን ካገኘን በኋላ ሰሙን እንጥለዋለን። ልጆቻችንም ከእኛ ሰምተው ይሁን በራሳቸው አላውቅም፣ «ግጥሙ ውስጥ የተደበቀ ምስጢር አለ፣ እሱን ላግኝ» ብለው ይነሳሉ። ሲያገኙት ጨረስን ይላሉ። እዚህ ግን ነጥቡ ያለው ሰሙ ላይ ነው። ለምን ይህን ቃል መረጠ? ለምን እዚህ ቦታ ላይ አስቀመጠው?

አንድ ምሳሌ ላሳይዎ። የሼክስፒር 73ኛ ሶኔት ክፍል ውስጥ በብዛት ይነበባል። 14 ስንኝ ነው፦ ሦስት ባለ 4 ስንኝ አንጓ፣ መጨረሻ ላይ ባለ 2 ስንኝ መዝጊያ። ተናጋሪው እያረጀ ነው። በመጀመሪያው አንጓ ራሱን ቅጠሉ በረገፈ ዛፍ ይመስላል። በሁለተኛው ፀሐይ ጠልቃ በቀረ ጭላንጭል። በሦስተኛው በራሱ አመድ ላይ በተኛ ፍም።

ተማሪ እዚህ ደርሶ «ገጣሚው እርጅናን ለመግለጽ ተለዋጭ ዘይቤ ተጠቅሟል» ይልና ያልፋል። ይህ የልጅዎ 2 ነው። አሁን ጊዜውን ይቁጠሩት። የመጀመሪያው ወቅት ነው፣ ወራት ይፈጃል። ሁለተኛው የአንድ ምሽት ነው። ሦስተኛው የደቂቃዎች። በየአንጓው ጊዜው ያጥራል። ሌላም አለ። ዛፍ በጸደይ ያቆጠቁጣል፣ ፀሐይም ነገ ትወጣለች፤ አመድ ግን ተመልሶ እንጨት አይሆንም። ስለዚህ ተናጋሪው መጀመሪያ ላይ መመለሻ ባለው ነገር ራሱን ያጽናናል፣ በሦስተኛው ላይ ማጽናኛው ያልቅበታል። መዝጊያው ላይ ወደሚወደው ሰው ዞሮ «ይህን ስለምታይ ፍቅርህ ይበረታል» ቢል አይገርምም። አያችሁ? አንድም አዲስ ጥቅስ አልጨመርኩም። ያው ማስረጃ ነው፤ የተጨመረው «ስለዚህ» የሚለው ነው።

ቤት ውስጥ እንዲህ ያድርጉ። ግጥሙን ጮክ ብላ ሁለቴ ታንብብልዎ። ከዚያ ሐሳቡ ወይም ቃናው የሚታጠፍበትን ቦታ በእርሳስ ታስምር። እጥፋቱ ብዙውን ጊዜ «ግን» ወይም «ሆኖም» ዓይነት ቃል አጠገብ ነው፤ አንዳንዴም አዲስ አንጓ ሲጀምር። ከእጥፋቱ በፊት ምን ነበር፣ በኋላስ ምን ሆነ? ዋናውን ሐሳብ ከዚያ ታወጣለች። እርስዎ እንግሊዝኛው ባይገባዎትም ችግር የለውም። እያንዳንዱን አንቀጽ ስትጨርስ «እሺ፣ ታዲያ ምን ይሁን?» ብለው ይጠይቋት። የምትመልሰውን ትጻፈው።

መልስ፦ አቤል_ዘቨርጂኒያ

ጋሼ፣ ቲፒካስት የሚባል ዘዴ አለ። ርዕሱን አይተሽ ገምቺ፣ በራስሽ ቃል ድገሚው፣ የቃላቱን ስሜት እዪ፣ የተናጋሪውን አቋም፣ እጥፋቱን፣ ርዕሱን እንደገና፣ ከዚያ ጭብጡን። እኔን ጠቅሞኛል።

መልስ፦ መምህርት ነኝ (ሜሪላንድ)

አቤል ልክ ነው፣ ለማንበብ ጥሩ ነው። ድርሰቱን ግን በዚያ ቅደም ተከተል እንዳትጽፈው። የዕቃ ዝርዝር ይሆንባታል።

መልስ፦ አቤል_ዘቨርጂኒያ

እሺ መምህርት 😄 ጋሼ፣ የት ትላክ ለሚለው እኔ ልንገርዎት። ሃይስኩል እያለሁ ብዙ ቦታ ልኬያለሁ።

አንደኛው ስኮላስቲክ የሥነ ጥበብና የጽሑፍ ሽልማት ነው። ከ1923 ጀምሮ ያለ ነው። በአሜሪካና በካናዳ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ፣ 13 ዓመት የሞላቸው ይወዳደራሉ። መጀመሪያ በአካባቢ ደረጃ ይዳኛል፣ ወርቅ ቁልፍ የሚባለውን የአካባቢውን ከፍተኛ ሽልማት ያገኘው ወደ አገር አቀፉ ያልፋል። ክፍያ አለው፤ አቅም የሌለው ነጻ እንዲሆንለት መጠየቅ ይችላል፣ አይፈሩ። የማስገቢያ ቀኑ እንደየአካባቢው ስለሚለያይ ቀድማ ትይ።

ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ብቻ የሚያዘጋጀው የግጥም ሽልማት አለ። ሩት አሁን ካላስገባች አለቀ ማለት ነው፣ 12ኛ ስትገባ አይቀበሏትም። ቤኒንግተን ኮሌጅም ከ9ኛ እስከ 12ኛ ላሉት አለው፤ ሦስት ግጥም ነው የሚላከው።

ማንበብ ከወደደች ፖኤትሪ አውት ላውድ አለ። የራስን ሳይሆን የታወቀ ግጥም በቃል ወጥቶ ማቅረብ ነው። ከክፍል ተጀምሮ ትምህርት ቤት፣ ስቴት፣ ከዚያ አገር አቀፍ። አንደኛ የወጣው 20,000 ዶላር ያገኛል። ዳኞቹ ነጥብ ከሚሰጡበት አንዱ ግጥሙ የገባህ መሆኑ ነው። ለትንተናው ከዚህ የተሻለ ልምምድ የለም፤ ግጥም በቃልህ ከያዝከው እጥፋቱ ራሱ ይገባሃል። ትምህርት ቤቷ ይሳተፍ እንደሆነ ትጠይቅ። እናንተ ደግሞ ዲሲ አጠገብ ናችሁ፤ 826ዲሲ የሚባለው ማዕከል ተማሪዎችን በጽሑፍ በነጻ ያግዛል።

አንድ ነገር ልጨምር። በኤአይ ያጻፉትን አይቀበሉም፣ እንዳትሞክረው።

ጥያቄ፦ እማማ ሪያድ

ይቅርታ መሐል ገባሁ። እኛ ሪያድ ነን። ልጄ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት 10ኛ ክፍል ነው፣ ዕድሜው 15። የተዘረዘረው ሁሉ የአሜሪካ ነው። ለእኛ ልጆች የለም?

መልስ፦ መምህርት ነኝ (ሜሪላንድ)

እህቴ፣ እንዲያውም ለእናንተ የሚሆን ጥሩ አለ። ለንደን ያለው የገጣሚያን ማኅበር፣ ፖኤትሪ ሶሳይቲ፣ በየዓመቱ ፎይል የወጣት ገጣሚያን ሽልማት ያዘጋጃል። ከ11 እስከ 17 ዓመት ላሉ ነው፣ የትም አገር ይኑሩ። ነጻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው ጁላይ 31 ነው። 100 ልጆች ይመረጣሉ፦ 15 ዋና አሸናፊዎች፣ 85 የተመሰገኑ። ሩትም 18 ሳይሞላት ትላክ። አዲስ አበባ ያላችሁ ወላጆችም ይህን ያዙት።

የሩት አባት፦ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 60 ዶላሩ ቀርቷል። ትናንት ማታ «ታዲያ ምን ይሁን?» ብዬ ስጠይቃት መጀመሪያ ተናደደችብኝ፣ ኋላ ግን ግማሽ ገጽ ጻፈች። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ግጥሞቿን ኢንስታግራም ላይ መለጠፍ ትወዳለች። ጉዳት አለው?

መልስ፦ አቤል_ዘቨርጂኒያ

አለው ጋሼ። ብዙ መጽሔቶች የተለጠፈውን እንደ ታተመ ነው የሚቆጥሩት፣ ከዚያ አይቀበሉትም። ልትልካቸው ያሰበቻቸውን ለብቻ ታስቀምጥ፣ ሌሎቹን ትለጥፍ። የቱን የት፣ መቼ እንደላከች ደግሞ አንድ ሠንጠረዥ ላይ ትጻፍ። አንድ ቦታ ተቀባይነት ካገኘ ሌላው ጋ ወዲያው ጽፋ ታውጣው፤ አዘጋጆች ይህን ያላደረገ ሰው ላይ ቂም ይይዛሉ።