ደብረ ማርቆስ፦ ፎቅ መስታወት የሚያጸዱ ልጆች በገመድ እንዴት ይታሰሩ?

ጠያቂ፦ ሰላም፣ ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነ ፎቅ እየጨረስን ነው። ባለቤቱ ከጣሪያው ጠርዝ በታች ሐዲድ እንግጠምና ሠራተኛው የሚቀመጥበት በገመድ የተንጠለጠለ ወንበር እሱ ላይ እየተንሸራተተ መስታወቱ ይጽዳ ይላል። ሠራተኛውንም እዚያው ወንበሩ ላይ ማሰር ይበቃል?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! የወንበሩ ገመድ ሌላ፣ የሰውየው የደህንነት ገመድ ሌላ። አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዲይዘው ለየብቻቸው ይታሰሩ። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ የደህንነት ገመዱ ማሰሪያ ለአንድ ሰው ወደ 2,270 ኪሎ ግራም ይቻል ይላል። ብሎኬት ግድግዳ ላይ እንዳትተክሉት፣ ኮንክሪቱን መሐንዲስ ይየው።

ሌላ መልስ፦ ባሕር ዳር ወገባቸው ላይ ብቻ ገመድ ጠምጥመው የሚወርዱ ልጆች ሳይ አንጀቴ ያራል። ሲወድቅ ሆዱን ይጎዳዋል እኮ! ትከሻና ጭን የሚይዘውን ቀበቶ ግዙላቸው። ተንጠልጥሎ የቀረ ሰው ደሙ እግሩ ላይ ይጠራቀማል፣ ቶሎ የሚያወርደው ሰው ጣሪያው ላይ ይቁም።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ነገውኑ ለመሐንዲሱ እነግረዋለሁ።