ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ውጭ አገር ለዮጋ ሪትሪት ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

ጀማሪ_ነኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዮጋ ከጀመርኩ አንድ ዓመት ተኩል ሆኖኛል፣ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የምሠራው። አሁን አስተማሪያችን 14 ሰው ይዛ ለ9 ቀን ሕንድ፣ ሪሺኬሽ ልትሄድ ነው። ሪትሪት ይሉታል፣ ከቤት ርቆ በቡድን አብሮ እየኖሩ ዮጋ መሥራት ማለት ነው። ከ14ቱ የማውቀው ሁለቱን ብቻ ነው፣ እነሱንም በመልክ። ፕሮግራሙን በስልክ ላከችልን። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ሜዲቴሽን፣ ከዚያ ዮጋ፣ ቁርስ፣ ትምህርት፣ ምሳ፣ ከሰዓት እንደገና ዮጋ፣ ማታ ደግሞ በክብ ተቀምጦ "የተሰማንን መካፈል" ይላል። እኔን ያስፈራኝ ይሄ የመጨረሻው ነው። ክፍሉም የሁለት ሰው ነው፣ ከማን ጋር እንደሚደርሰኝ አላውቅም። ቀብድ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ክፈሉ ተብለናል። ሄዳችሁ የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ፣ የሚከብደው ዮጋው ነው ወይስ ሰዎቹ?

ሦስቴ_ሄጃለሁ፦
ሰዎቹ ናቸው እህቴ። ዮጋውማ ቢከብድሽ ምንጣፍሽ ላይ ጋደም ትያለሽ፣ ማንም ምንም አይልሽም። ከሰው ግን የትም አታመልጪም። እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ በሦስተኛው ቀን ሽንት ቤት ገብቼ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር፤ ምንም ሆኜ አይደለም፣ የሚቆለፍ በር ያለው እዚያ ብቻ ስለነበር ነው። አብራኝ ያደረችው ልጅ ደግ ሰው ነበረች፣ ደግነቷ ግን እረፍት የለውም። ገና ዓይኔን ስገልጥ ምን ሕልም አየሽ ትለኛለች።

ከዚያ ወዲህ ከመሄዴ በፊት ለአስተማሪዋ በግልጽ እነግራታለሁ። "በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ እዘላለሁ፣ ታመመች ብላችሁ እንዳትፈልጉኝ" እላታለሁ። ደህና አስተማሪ ይሄን ስትሰማ አይከፋትም። የሚከፋት ከሆነች ደግሞ ቀብዱን ሳትከፍዪ ብታውቂው ይሻልሻል። ጭማሪ ከፍሎ ለብቻ ማደር የሚቻል ከሆነ ከሌላ ነገር ቀንሰሽም ቢሆን ክፈዪ። ካልሆነ የጆሮ መድፈኛ ያዢ፣ ቀልዴን አይደለም። ማታ ክቡ ላይ "ዛሬ ላዳምጥ" ማለት ይበቃል። ሁለት ማታ እንዲያ ካልሽ ሦስተኛው ላይ የሚጠይቅሽ የለም፣ አራተኛው ላይ ምናልባት ራስሽ ታወሪ ይሆናል (እኔ አውርቼ አልቅሼም አውቃለሁ፣ እሱን ተዪው)።

ሪሺኬሽ ራሱ እንዳንቺ ላለ ሰው ይስማማል። ሥጋና መጠጥ የተከለከለበት ከተማ ስለሆነ ማታ የመጠጥ ቤት ጫጫታ የለም። ጋንጋ ወንዝ ዳር ሲመሽ እሳት ይዘው የሚያደርጉት ጸሎት አለ፣ አርቲ ይሉታል፤ ለእሱ ቡድን አያስፈልግሽም፣ ብቻሽን ሄደሽ ደረጃው ላይ ትቀመጫለሽ። ወሩን ግን ጠይቂ። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም መጀመሪያ ዝናቡ ኃይለኛ ነው፣ ከሂማላያ ሥር ስለሆነ ናዳም መንገድ ይዘጋል። ጥቅምትና ኅዳር ወይም ከየካቲት እስከ መጋቢት ከሆነ አትጨነቂ። ከዴልሂ በመኪና ነው የምትሄዱት ወይስ በአውሮፕላን? በመኪና ከሆነ ወደ 240 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከረጅም በረራ ላይ ሲጨመር የመጀመሪያው ቀን እንደሌለ ቁጠሪው።

ወገቤን_ተዉኝ፦
እህታችን "ዮጋውማ" ብላ ማለፏ እኔን አላሳመነኝም። እስቲ ቁጥሩን እዪው። በቀን ሁለቴ ከሆነ፣ የመንገዱ ሁለት ቀን ሲቀነስ፣ በ7 ቀን 14 ጊዜ ነው። አንቺ 14 ጊዜ የምትሠሪው በ7 ሳምንት ነው።

እኔን የጎዳኝ ይሄው ነው። አራተኛው ቀን ላይ ጎንበስ ስል ከመቀመጫዬ ሥር፣ የጭኑ ጅማት ከአጥንቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ቆንጠጥ አደረገኝ። ትንሽ ብስበው ይለቀኛል ብዬ ጭራሽ ሳብኩት፣ ለካ እሱ ቦታ ሲሳብ ነው የሚብስበት። ከተመለስኩ በኋላ ለወራት ወንበር ላይ መቀመጥ ራሱ ያመኝ ነበር። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ቀለል አድርጊው፣ መተኛትም ይቻላል። ምን ዓይነት ዮጋ እንደሆነም ጠይቂ። አሽታንጋ ከሆነ ቅደም ተከተሉ የማይለወጥ ነው፣ ጉልበትም ይጠይቃል። ዪን ከሆነ አንድ አቀማመጥ ላይ ለደቂቃዎች ትቆያለሽ፣ ሌላ ዓለም ነው። ግላኮማ ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው በጭንቅላት መቆሙን ይተወው፣ ሲገለበጡ የዓይን ውስጥ ግፊት ይጨምራል።

ሌላ ደግሞ፣ አስተማሪ እጁን ጭኖ እንዲያስተካክልሽ ካልፈለግሽ "አልፈልግም" በይው። ምክንያት መስጠት የለብሽም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአስተማሪነት ወረቀትም አይተሽ አትደንግጪ፣ "200 ሰዓት" የሚለው የሥልጠናው ርዝመት ነው፣ የመንግሥት ፈቃድ አይደለም።

ቀብዴን_ያላችሁ፦
ዮጋ ጎበዝ አድርጎ የሚያስተምር ሰው ጉዞ ማዘጋጀትም ይችልበታል ማለት አይደለም። እኔ የተመዘገብኩበት ቡድን 10 ሰው ካልሞላ እንደሚሰረዝ ውሉ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር፣ አላነበብኩትም። 7 ሆነን ቀረን። ቀብዱን "ለሚቀጥለው ጉዞ ይያዝልሽ" አሉኝ፤ የሚቀጥለው ጉዞ ይኸው እስከዛሬ አልመጣም። ከሱ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የአውሮፕላን ትኬቱ ነው። ርካሹን፣ ገንዘቡ የማይመለሰውን ቀድሜ ቆርጬ ነበር። ጉዞው በርግጥ እንዳለ በጽሑፍ ሳይረጋገጥልሽ ትኬት እንዳትቆርጪ!

ገንዘቡ በማን ስም እንደሚገባም ጠይቂ፣ በድርጅት ነው በግለሰብ? አዘጋጁ አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ የጥቅል ጉዞ ሕግ አለ፤ ማረፊያና ጉዞን አንድ ላይ አድርጎ የሚሸጥ ድርጅት ቢከስር የደንበኛው ገንዘብ እንዲመለስ ዋስትና መያዝ አለበት። ሌላ ቦታ ከሆነ የአገሩን ሕግ ጠይቂ፣ እንዲህ ያለ ሕግ ከሌለ ያለሽ ውሉ ነው። ኢንሹራንስ ስትገዢ ሕክምናን ብቻ ሳይሆን መሰረዝንም ይሸፍን እንደሆነ እዪ።

ቪዛውን ደግሞ ለመጨረሻ ሳምንት አታስቀምጪው። የሕንድ የኢንተርኔት ቱሪስት ቪዛ፣ አገርሽ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ፣ ለአጭር የዮጋ ፕሮግራም ይሆናል። ፓስፖርትሽ ቢያንስ 6 ወርና ሁለት ባዶ ገጽ ይኑረው። መንግሥታዊ የሚመስሉ ግን ገንዘብ የሚጨምሩ ድረ ገጾች ሞልተዋል፣ አስተውይ።

ብቻዬን_ይሻለኛል፦
እኔ ምኑም አልገባኝም። ሪሺኬሽ በአሽራም (እየኖሩ ዮጋና ጸሎት የሚሠሩበት ቤት) የተሞላ ከተማ ነው፣ ብቻሽን መመዝገብ ትችያለሽ። ለምን 13 ሰው ትጎትቻለሽ?

ሦስቴ_ሄጃለሁ፦
@ብቻዬን_ይሻለኛል ብቻዋን መሄድ ብትፈልግማ ይሄን ሁሉ አትጠይቀንም ነበር። ያቺ ሕልሜን የምትጠይቀኝ ልጅ፣ ሆዴን አሞኝ ሁለት ቀን ስተኛ ከአጠገቤ ያልጠፋች እሷ ናት። አሁንም ትደውልልኛለች። አሁንም ሕልሜን ትጠይቀኛለች፣ እሱ አልተሻሻለም።

ጀማሪ_ነኝ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ አስተማሪያችንን አገኘኋትና ከዚህ የጻፍኩትን ወረቀት አውጥቼ አንድ በአንድ ጠየቅኳት። ትንሹ ቁጥር 8 ነው፣ 11 ሰው ከፍሏል። ጉዞው በኅዳር ነው፣ የከሰዓቱ ዮጋ ዪን ነው፣ መቅረትም ይቻላል አለች። የብቻ ክፍል ግን አልቋል። ልከፍል ነው።

የጆሮ መድፈኛም ገዛሁ፣ ሁለት ጥንድ። አንዱ አብራኝ ለምታድረው ልጅ ነው። እህቴ እንደምትለው ከሆነ የማንኮራፋው እኔ ነኝ።