ለከተራ ልጄን ይዤው ልውጣ ወይስ ቤት እንቅር?

የማራኪዋ
ሰላም የጎንደር ሰዎች። ልጄ 6 ዓመቱ ነው። ኦቲዝም እንዳለበት ከተነገረን ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። የሚያወጣው ቃል ጥቂት ነው፤ "ውሃ"፣ "እማ"፣ "ባጃ" (ባጃጅ ማለቱ ነው፣ ጎማው ሲሽከረከር ካየ ዓለሙ ነው)። ቤት ውስጥ ደህና ነን። የሚከብደኝ ውጪ ነው። አምና ለከተራ ይዤው ወጣሁና ጃን ተከል አካባቢ ከበሮው ሲበረታበት ጆሮውን ይዞ መሬት ላይ ተዘረረ። ሰው ከበበን። አንዱ "ውሃ ርጩበት" ይላል፣ አንዷ "ቡዳ ነው" ትላለች፣ አንድ አባት ደግሞ "ቅብጠት ነው፣ ኩርኩም ይበቃዋል" አሉኝ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ዘንድሮ አማቴ "የልጅ ልጄ ጥምቀትን ሳያይ አይቀርም" ብለው ቆርጠዋል። ሦስት ሳምንት ቀረው። ምን ላድርግ?

የአዘዞዋ እናት
አይዞሽ እህቴ፣ የኔዋ አሁን 13 ዓመቷ ነው፣ ያየሽውን ሁሉ አይቻለሁ። የኔ ጥፋት ድንገት ማውጣቴ ነበር። ለእኛ "ነገ በዓል ነው" ማለት ይበቃናል፣ ለእሷ ግን ያ ቃል ምንም አይነግራትም። አሁኑኑ ጀምሪ። ጭር ባለ ቀን ወደ ፋሲል መዋኛ ውሰጂውና መንገዱን፣ ዛፎቹን፣ ግንቡን በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ማታ ማታ በተራ አሳዪው፦ ባጃጅ፣ መንገድ፣ ውሃ፣ ብዙ ሰው፣ ከዚያ ቤታችሁ። የመጨረሻው ፎቶ የግድ ቤታችሁ ይሁን፣ የኔ ልጅ ትጨነቅ የነበረው መመለስ ያለ ስላልመሰላት ነው። የከበሮውን ድምፅ ደግሞ ቆሎ ሲበላ በስልክ ዝቅ አድርገሽ ክፈቺለት፤ ጆሮውን ከያዘ ቀንሺ፣ ካልያዘ በነጋታው ትንሽ ጨምሪ። በዕለቱ ታቦታቱ ሳይደርሱ ቀድማችሁ ሂዱ፣ ዳር ቁሙ፣ 15 ደቂቃ ይበቃል። እስኪያለቅስ አትጠብቂ፣ ደስ እያለው ተመለሱ። የምታውቁት ባጃጅ ቅርብ ይጠብቃችሁ። እኔ እንጨት ቤት የሚሠሩ ልጆች የሚያደርጉትን የጆሮ መሸፈኛ ነው የገዛሁላት።

የአካል ጉዳተኞች ተሃድሶ ላይ የምሠራ
ከላይ የተባለው ልክ ነው። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ጆሮው ተመርምሮ ያውቃል? ድምፅ የሚያስጨንቀው ልጅ የመስማት ችግር የለበትም ማለት አይደለም፣ ንግግሩም ስለዘገየ መታየት አለበት። ሁለተኛ፣ አምና የሆነው ቅብጠት አይደለም። ድምፁ፣ ግፊያው፣ ፀሐዩ ባንዴ ሲመጣበት ከአቅሙ በላይ ይሆናል። ያኔ ውሃ ሲረጭበት ደግሞ ሌላ ጭንቀት ነው የሚጨመርለት። ብዙ አታውሪው፣ ከሰው ለይተሽ ጥላ ሥር አስቀምጪው፣ ዝም ብለሽ አጠገቡ ቁጭ በይ። ጠበል ትወስዱት ከሆነ ውሰዱት፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ግን በጠበል ምክንያት እንዳያቋርጥ (ላንቺ ባይሆንም ለሚያነቡ ነው)። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ ፕሮግራም አለው፣ ጠይቂ። ሁላችንም አዲስ አበባ ጆይ ወይም ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል ድረስ መሄድ አንችልም።

አባት ነኝ
እኔ ግን ልቃወም ነው። መውጣት ማን ግዴታ አደረገው? እኔና ባለቤቴ ተራ ገብተናል፤ አንዳችን ለከተራ፣ አንዳችን ጥር 11። ልጃችን ቤት ሆኖ በቴሌቪዥን ያያል፣ ድምፁን ዘግተንለት። የሚወደው የካህናቱን ጥላ ነው፣ ቀለም በቀለም ሲያልፍ ቆሞ ያጨበጭባል። በዓሉን አከበረ አይደል? አማትሽን ደግሞ አትከራከሪያቸው። አንድ ከሰዓት ልጁን ብቻቸውን ይያዙት፣ ከዚያ በኋላ የሚሉትን ስሚ።

የማራኪዋ
እግዜር ይስጣችሁ። አባት፣ ምክርህ አሳቀኝ፣ ግን አማቴ ለካ አስቀድመው ፈርተዋል። ሁሉንም አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ቆዩና "ሰው ከከበበው እኔ በጃንጥላዬ እከልለዋለሁ" አሉኝ። ስለዚህ ፎቶውን ነገ እንጀምራለን፣ ካልሆነለት እሳቸው ናቸው ይዘውት የሚመለሱት። የጆሮ መሸፈኛው የት ይገኛል?

የአዘዞዋ እናት
የእጅ መሣሪያ የሚሸጡ ሱቆች ጠይቂ። ግን ለበዓሉ ቀን አታቆዪው፣ የኔዋ መጀመሪያ ወርውራዋለች። ባጃጅ ላይ አስለምጂው።