በድንጋይ ላይ ያገኘናቸው ቀይ ላሞች፣ ምን እናድርጋቸው?

የከዚራው

ሰላም ለሁላችሁ። በተለይ የድሬና የሐረር ልጆች እርዱኝ። ባለፈው ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ገጠር ይዞኝ ሄዶ ነበር። መንገዱ እስከሚያደርስ በባጃጅ፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር፣ ፀሐዩን ተዉት። ፍየል የሚጠብቁ ልጆች "ቀይ ላሞች ያሉበት ድንጋይ እናሳያችሁ" ብለው መሩን። ደረቅ ወንዝ ተሻግረን ገደል ሥር ደረስን። ዋሻ እንኳ አይባልም፣ ወደ ውጭ የወጣ ድንጋይ የሠራው ጥላ ነው። ግድግዳው ላይ ግን ላሞች አሉ! ሃያ ሦስት ድረስ ቆጥሬ ተምታታብኝ። ቀንዳቸው ረጅም ነው፣ ጭንቅላታቸው የለም ማለት ይቻላል። ከላይ ጥጉ ላይ እጁን የዘረጋ ሰው የሚመስል ነገር አለ።

በስልክ ሳነሳው ታዲያ ቀይ ጭጋግ ብቻ ሆነብኝ። አብሮን የነበረ ጓደኛዬ ሃይላንዱን ከፍቶ ውሃ ሲረጭበት ቦግ አለ። ፎቶውን ከታች ለጥፌዋለሁ፣ ማማሩን እዩት። አንዱ ሃያ ሺህ ዓመት ነው አለኝ፣ ሌላው ሰውየው ለጣዖት እየሰገደ ነው አለኝ። እውነቱ የቱ ነው? ደግሞስ እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ ሰው ምን ማድረግ አለበት?

አቧራ ወዳጅ

ወንድሜ፣ አትቀየመኝና መጀመሪያ ልቆጣህ። ውሃ አይረጭም! ቦግ ያለው ቀለሙ ስለታደሰ አይደለም፣ ድንጋይ ሲርስ ስለሚጠቁር ነው። ውሃው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ድንጋዩ ውስጥ ያለውን ጨው ያሟሟል፣ ሲደርቅ ጨውን ይዞ ወደ ላይ ይመለስና ሥዕሉ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ሲብስ ከሥር ፈንቅሎ ቀለሙን ከነድንጋዩ ያረግፈዋል። ያንተ አንድ ሃይላንድ ዛሬውኑ ላያጠፋው ይችላል። ግን ፎቶውን ለጠፍከው፣ ነገ አሥር ሰው አሥር ሃይላንድ ይዞ ይሄዳል።

ይህ የኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስልህ። ሰሃራ ውስጥ፣ አልጄሪያ፣ ታሲሊ ናጄር የሚባል ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1956 አንሪ ሎት የሚባል ፈረንሳዊ ሠዓሊዎች አስከትሎ ሄዶ ሥዕሎቹን ሲገለብጥ ግድግዳውን በውሃ እያረጠቡ ነበር የሚሠሩት። ቅጂዎቹ ፓሪስ ሲታዩ ዓለም ጉድ አለ። ግድግዳው ግን ተጎዳ። ናሚቢያ በረሃ፣ ብራንድበርግ ተራራ ላይ ያለችው "ነጯ እመቤት" ደግሞ ጎብኚ ለፎቶ እያለ ውሃ ሲደፋባት ደብዝዛለች።

ለፎቶው መላ አለ። ዲስትሬች የሚባል ፕሮግራም ፈልግ። ጆን ሃርማን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ነው። ዘዴው ከሳተላይት ምስል ሥራ የመጣ ነው፤ ዓይን የማይለየውን ትንሽ የቀለም ልዩነት ይዞ ይለጥጠዋል። እኔ አንዴ ባዶ ድንጋይ ነው ብዬ ላጠፋው ከነበረ ፎቶ ውስጥ አምስት በግ ወጣልኝ፣ ከነላታቸው! ውሃ የለ፣ ንክኪ የለ። ብቻ እሱንም ዝም ብለህ አትመነው፤ የዝገት ነጠብጣብንም ሰው ሊያስመስልልህ ይችላል። ዋናውን ፎቶ ሳትነካካ አስቀምጥ።

ስትመለስ ግድግዳው ሙሉ በሙሉ ጥላ ውስጥ ሲሆን አንሳ፤ ግማሹ ፀሐይ ግማሹ ጥላ ከሆነ አይረባህም። መጀመሪያ ቦታውን ከሩቅ፣ ከዚያ ግድግዳውን፣ ከዚያ እያንዳንዱን ላም። ማስመሪያ ከጎኑ ይኑር፣ ሥዕሉን ግን አይንካ። ስልኩን ከግድግዳው ጋር ትይዩ አድርገህ፣ እያንዳንዱ ፎቶ የበፊተኛውን ከግማሽ በላይ እየደገመ ካነሳህ፣ በኋላ ኮምፒዩተር ላይ ሦስት ገጽታ ያለው ምስል ማውጣት ይቻላል። የቱ ሥዕል በየቱ ላይ እንደተደረበ ጻፍ፣ ይሄ ወርቅ ነው። በጠመኔ ዙሪያውን ማስመር፣ ወረቀት ለጥፎ መገልበጥ፣ በጣት እየነኩ ማሳየት፣ ኧረ በፈጠራችሁ!

ጁገል ሥር

እኔ ሐረር ነኝ፣ እንግዳ ይዤ ነው የምዞረው። ስለ ትርጉሙ ትንሽ ልበል።

ሃያ ሺህ የሚለውን እርሳው። ሥዕሉ የተሠራበት ቀይ አፈር ማዕድን ነው፣ ካርቦን የለውም፤ ስለዚህ በካርቦን ልኬት ዕድሜውን በቀጥታ ማወቅ አይቻልም። ሰዎች የሚሳሳቱት የአፈሩን ዕድሜ ለሥዕሉ ሲሰጡት ነው። እዚያው ድሬ አፍንጫችሁ ሥር ያለውን የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ውሰድ፣ ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ፈረንሳዊው ቄስና የቅሪተ አካል ተመራማሪ ቴያር ደ ሻርዳንና ያ ኮንትሮባንዲስቱ አንሪ ደ ሞንፍሬ ናቸው ለዓለም ያስተዋወቁት (ድሬና ኮንትሮባንድ ያኔም ወዳጅ ነበሩ)። ከዋሻው ወለል ውስጥ 40 ኪሎ ግራም የሚሆን ቀይ ድንጋይ ወጥቷል፣ አንዳንዱ ተፈጭቶ ዱቄት የተደረገ፣ ዕድሜውም ወደ 40,000 ዓመት። ታዲያ ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል 40,000 ዓመቱ ነው ማለት ነው? አይደለም። ቀይ አፈር የፈጨውና ሥዕሉን የሣለው ሰው በብዙ ሺህ ዓመት ሊራራቁ ይችላሉ።

ያንተን ላሞች ራሳቸውን ጠይቃቸው። የቤት ከብት ወደ አፍሪካ ቀንድ የመጣው ካለፉት 5,000 ዓመታት ገደማ ወዲህ ነው። ስለዚህ ለማዳ ላም ካየህ ሃያ ሺህ የሚባል ነገር የለም። ሻኛ አላቸው? ፎቶህ ላይ አላየሁም። ሻኛ ያለው ከብት ከእስያ ዘግይቶ የመጣ ነው። ሻኛ የሌላት፣ ቀንደ ረጅም፣ አካሏ ከጎን፣ ቀንዷ ግን ከላይ እንደሚታይ የተሣለች፣ ጡቷ የጎላ ላም በኛ አካባቢ የታወቀች ናት። ድሬ አጠገብ ያለው የለጋ ኦዳ ድንጋይ ጥላ ሂድ፣ ከ600 በላይ ሥዕል አለ። ድንበሩን ተሻግረህ ሐርጌሳ አጠገብ ላስ ጌል ብትሄድም ዘመዶቿን ታገኛለህ፣ እነሱ ደግሞ አንገታቸው በመስመር በመስመር ያጌጠ ነው።

ስለ ጣዖቱ፣ እባክህ ተረጋጋ። ከላይ "ነጯ እመቤት" የተባለችውን አስታውስ። የፈረንሳዩ ቄስና የቅድመ ታሪክ ሊቅ አንሪ ብሬይ ከሜዲትራኒያን ባሕር የመጣች ሴት ናት ብሎ ጻፈላት። ሴት እንኳ አልነበረችም! ዛሬ ተመራማሪዎች ወንድ ነው ይላሉ፣ ምናልባትም የአገሬው መድኃኒት አዋቂ። ይኸው ብሬይ እ.ኤ.አ. በ1933 እኛም ጋ መጥቶ የፖርክ ኤፒክን ሥዕሎች ገልብጧል። ታላቅ ሰው ነው፣ ዓይኑም እጁም የተባረከ። ግን ማየትና መተርጎም ሁለት ሥራ ነው። አንተም "እጁን የዘረጋ ሰው" ብለህ ጻፍ፣ "የሚሰግድ" አትበል።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዴ እንግዶች ይዤ ሄጄ "ይህ የአምልኮ ቦታ ነው ወይስ አይደለም" እያሉ ሲከራከሩ፣ ዕድሜ ልካቸውን ከብት ያረቡ አባባ አብረውን ነበሩ። ዝም ብለው ግድግዳውን ሲያዩ ቆዩና "ይህቺ ወልዳለች፣ ጡቷን አታዩም? ጥጃዋን ደግሞ ለይተውባታል፣ ሊያልቧት ነው" አሉ። እንግዶቹ ዝም። ከዚያ ወዲህ እኔ ከብት አርቢ ሳልጠይቅ አላልፍም። አባባ የሣሉት ሰዎች ዘር ናቸው ማለት አይደለም፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ሕዝብ መጥቶ ስንቱ ሄዷል። ግን ላም ያውቃሉ፣ እኛ አናውቅም።

ደቻቱ

በዚህ ሙቀት ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር፣ ለላም ሥዕል? አቦ፣ ከዚራ ጥላ ሥር ቁጭ ብትል እውነተኛዋ ራሷ ታልፍልህ ነበር። ሃሃሃ።

የከዚራው

እሺ፣ ጥፋቴን አምኛለሁ። የረጠበውን ፎቶ ከዚህ አጥፍቼዋለሁ፣ ጓደኛዬም "እኔ ልርዳ ብዬ ነው" እያለ ነው። በደረቁ ፎቶ ዲስትሬችን ሞከርኩት፣ ከላሞቹ ሥር ሌላ ሥዕል አለ! ቀለሙ ብርቱካናማ ነው፣ ምን እንደሆነ ገና አልገባኝም። ሐሙስ ለማሳወቅ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር፣ "ባለሙያው መስክ ነው፣ ማመልከቻ ጽፈህ ና" ተባልኩ።

አቧራ ወዳጅ

ጻፍላቸው፣ ቅጂውንም አስቀር። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ማሳወቅ አለበት ይላል፣ ስለዚህ አንተ ግዴታህን ተወጥተሃል። ሌላው፣ ስልክህ ፎቶው ውስጥ የቦታውን መገኛ ይጽፋል። ለቢሮው ከነመገኛው ስጥ፣ እዚህ ስትለጥፍ ግን አጥፋው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሊቢያ፣ አካኩስ ተራራ ላይ ያሉትን ሥዕሎች አንድ ሰው በስፕሬይ ቀለም ነው ያበላሻቸው። ሥዕሉን እንጂ መንገዱን አታሳይ።

የከዚራው

መገኛውን አጥፍቻለሁ። ግን አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ቀትር ላይ ልጆቹ ፍየሎቹን እዚያ ጥላ ውስጥ ነው የሚያሳርፏቸው። ፍየሎቹ ደግሞ ግድግዳውን ይታከኩበታል፤ የታችኛው ረድፍ እንዳለ ተልጓል። ከልክሏቸው ብል ልጆቹ ወዴት ይሂዱ?

ጁገል ሥር

አትከልክላቸው። ቦታውን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው፣ ካኮረፉብህ ያንተ ቢሮ አይደርስልህም። ከወላጆቻቸው ጋር ተነጋገርና ከግድግዳው ሁለት እርምጃ ራቅ አድርጋችሁ የእሾህ አጥር እጠሩ። ጥላው ለሁሉም ይበቃል።

የከዚራው

እሾሁን ማን ይቆርጣል?

አቧራ ወዳጅ

ሃይላንድ የከፈተው ጓደኛህ።